የመረረው ብርዝ

መድኃኒቱን ጥሎ ሞተ የተባለ ሰው፣ በእጁ ውስጥ ግማሽ ክኒን ጨብጦ የሚገኘው ለምንድን ነው?

ኢንስፔክተር ጥሩአየሁ ይህን ለራሷ ጠየቀች። ከመቱ ጎሬ ድረስ በዝናብ የመጣችው «መድኃኒትህን ተው ተብሎ የተገደለ ሰው አለ» ተብላ ነበር። ሟቹ ጋሼ ደርበው አልጋቸው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ቀኝ እጃቸው ተጨብጧል። ጣቶቻቸውን ቀስ ብላ ስታላቅቅ አንዲት ነጭ የክኒን ግማሽ አንሶላው ላይ ወደቀች። አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋቻት። በስለት ነው የተከፈለችው፤ ጥርስ እንደዚህ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም። አንደኛው ፊቷ ግን ሟሙቷል፤ ምላስ እንደነካው ከረሜላ።

በራስጌው ጠረጴዛ ላይ ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን የነጋዴ ቡና የቀመሱበት ማንኪያና የቡና ፍሬ የሚሰነጥቁበት ትንሽ ቢላ ተጋድመዋል። አጠገባቸው የአባወራው የቀንድ ዋንጫ ቆሟል፤ ከሥሩ ጥቂት ብርዝ ቀርቶበታል። ማንኪያውን በጣቷ ነካችው። ያጣብቃል።

«ቡና ቀማሽ ብርዝን በማንኪያ ይጠጣል እንዴ?» አለች ለራሷ። ከዚያ ሳሏ መጣባት። ከፋሲካ ወዲህ የያዛት ደረቅ ሳል ነው፤ አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፣ ብቻ ጉሮሮዋን እየቧጠጠ ወሬዋን ያቋርጣታል።

«ይማርዎት» አለ ከበሩ ላይ አንድ ወፍራም ድምፅ። የሟች ልጅ ዮፍታሄ ነው፤ የቡና ነጋዴ፣ ትከሻው በሩን የሞላ ሰው። «ዝንጅብል በማር ይጠጡበት። ግን መጀመሪያ የአባቴን ገዳይ ወደ መቱ ይውሰዱልኝ።»

«ማን ነው ገዳዩ?»

«ነመራ ነዋ! የጤና ጣቢያው ልጅ። መቱ ያለው ስንቱን ያዳነ ዶክተር ለልቡ መድኃኒት ሰጥቶት፣ ይሄ ትናንት የተመረቀ ጩጬ ‹ሐኪምዎን ለምን ብለው ይጠይቁ› እያለ ጆሮውን ነፋው። በማግስቱ አባዬ ‹ከእንግዲህ ያ ሰውዬ እንዳዘዘው አልውጥም› አለ። ይኸው!»

«ጠይቁ ማለት ተዉ ማለት ነው?»

«ለአባዬ ልዩነት የለውም። ዶክተሩን ‹ያቅለሸልሸኛል፣ መጠኑ ለእኔ አልበዛም ወይ?› ብሎ ቢጠይቀው፣ ‹እርስዎ ቡናዎን ይቅመሱ፣ ሕክምናውን ለእኔ ይተዉ› አለው። ልክ ነዋ! ዶክተሩ መጥቶ የአባዬን ቡና ቀምሶበታል?» ዮፍታሄ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ከዚያ ጭንቅላቱም ተነካ። ‹ነጩን ግድግዳ ለምን ቢጫ ቀባችሁት› እያለ ሲጨቀጭቀን ሰነበተ። ብርዙ መረረኝ ይላል። አስበውታል? ይርጋጨፌን ከሊሙ ዓይን ተጨፍኖ የሚለይ ምላስ ማርን ከሬት መለየት አቃተው! ወጥቶ ገደል እንዳይገባ በሩን ቆልፌ ነበር የምውለው።»

«ቁልፉ የት ነበር?»

«ኪሴ።»

«ስልካቸውስ?»

ዮፍታሄ መሬት መሬት አየ። «እሱም እኔ ጋ። ዶክተሩ እረፍት ያስፈልገዋል ብሏል።»

ጥሩአየሁ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። አጥሩ ከፍ ያለ ነው፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። የብረት በሩ አጠገብ የለቅሶ ድንኳን እየተተከለ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ጎሬ የለችም፤ የሐምሌ ጉም ኮረብታውን ከነቤተ ክርስቲያኑ ውጦታል። እዚህ ክፍል ውስጥ ሆኖ ማንም የማያምነው ሰው ምን እንደሚሰማው ለማሰብ ሞከረች። አየሩ ከበዳትና እንደገና አሳላት።

*

የሟች ባለቤት እትዬ ዘውደነሽ ጓዳ ውስጥ፣ ከአልቃሾቹ ተለይተው ተቀምጠዋል። እንባቸው አልቆ ዓይናቸው ብቻ ቀልቷል።

«ጠዋት ምን ቀመሱ ጋሼ?»

«ምን ይቀምሳል፣ ልጄ! ብርዙን ነው። ሌላው ሁሉ ያስመልሰዋል። በጥብጬ አልጋው ድረስ እወስድለታለሁ፤ ይኸው ነው ሥራዬ።»

«መሮኛል ይሉ ነበር አሉ።»

«የእቢቻ ማር ሆኖበት ነዋ። ግራዋ አበባ ላይ ያረፈ ንብ ማሩ ይመራል፤ ይሄን ያገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሱም ያውቀዋል፤ በሽታው ነው የሚያነጫንጨው።»

«የተዉት ክኒንስ የት አለ?»

«ሽንት ቤት ጣልኩት» አሉ፤ ጥሩአየሁ ጠይቃ ሳትጨርስ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወዲያና ወዲህ ተወዛወዙ። «ዘገየሁበት፣ ልጄ። አዬ፣ ዘገየሁበት!»

«ምኑን ዘገዩ?»

እትዬ ዘውደነሽ ፊታቸውን በነጠላው ሸፈኑ። ጥሩአየሁ ጉሮሮዬን ላርጥብ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። መደርደሪያው ላይ አንድ የማር እንስራ ብቻ አለ። ክዳኑን አነሳች። ማሩ ነጭ ነው፤ እንደ ረጋ ቅቤ። በጣቷ ጫፍ ቀመሰችው። ከዚህ የሚጣፍጥ ነገር ከቀመሰች ቆይታለች።

*

ማዶ ያለችው ሱቅ የዘህራ ናት። ዘህራ ጨው፣ ሳሙናና ማር ትሸጣለች፤ ወሬ ግን በነፃ ትሰጣለች።

«የእቢቻ ማር?» አለች ነጭ ሻሿን ወደ ኋላ እየገፋች። «ወላሂ፣ ከቤቴ ከጠፋ ቆየ። ጥቁሩን ጠጅ ጣዮቹ ገና በበጋ ጠራርገው ወሰዱት። እኔ አሁን ያለኝ የገተማ ዛፉ ነው፣ ነጩ። እትዬም ከእኔ ሌላ ከማንም አይገዙ። ይሄ ማር ከመረረ ስኳርም ይመራል በሉኝ።»

«ጋሼን መጨረሻ ያየሻቸው መቼ ነው?»

የዘህራ እጅ ሚዛኑ ላይ ቆመ። «በበሩ ቀዳዳ ነው ያየኋቸው። ‹ዘህራ፣ ሻሽሽን ቢጫ ነከርሽው?› አሉኝ። ነጭ ነው ጋሼ ስላቸው ዓይናቸውን አሹ። ቀጥለው ‹እባክሽ ሚኒባስ አስቁሚልኝ፤ አጥር ዘልዬም ቢሆን እወጣለሁ። ሰውነቴ ውስጥ የእኔ ያልሆነ ነገር አለ› አሉኝ።»

«አስቆምሽላቸው?»

«ዮፍታሄ ‹አባዬ አእምሮው ተነክቷል፣ እንዳትሰሚው› ብሎኝ ነበር።» ዓይኗ ሞላ። «ሳቅሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ዕድሜያቸው አጥር ሲዘሉ ታይቶኝ ሳቅሁ።»

ጥሩአየሁ ልትወጣ ስትል ዘህራ ጠራቻት።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የጋሼ ትራፊ የገሊላ ነው፤ የዮፍታሄ ልጅ፣ ያቺ ትንሿ። አያት ከቀመሰው ለልጅ ማትረፍ ምርቃት አይደል? ተከልክላ አታውቅም። ሰሞኑን ግን ብርዝ ያለበትን ዋንጫ እትዬ ከእጇ ነጥቀው ደጅ ሲደፉት አየሁ። ምነው ስላቸው ‹ጉንፋን እንዳይጋባባት› አሉኝ። እኔ የማውቀው ጋሼ ልባቸውን መታመማቸውን ነው። ጉንፋኑ ከየት መጣ?»

*

ነመራን የጎሬ ፖሊሶች ከሕዝቡ ቁጣ ለማዳን ብለው ጣቢያ አስቀምጠውታል። ቀጭን፣ መነጽራም ወጣት ነው።

«አካም ጅርታ?» አለችው በኦሮምኛ፣ እንዴት ነህ ስትለው።

«‹ነጋ›፣ ሰላም ነኝ እንዳልል ይኸው ታስሬያለሁ» አለ በአማርኛ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። አልሆነለትም። «ዛሬ ካልተከሰስኩ የድንኳኑ ሰው ነገ ጤና ጣቢያውን ያቃጥላል አሉኝ። እውነት ነው?»

«መድኃኒቱን ተዉ ብለሃቸዋል?»

«በፍጹም! ሲመጡ ያቅለሸልሻቸው ነበር። ኩላሊታቸው ክኒኑን ቶሎ አያስወጣ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ፤ ጅማ ሄደው እንዲመረመሩ ላክኋቸው። እዚያ ያለች ሐኪም መርምራ መጠኑን ግማሽ አደረገችው። ማቅለሽለሹ ተዋቸው፣ በእግራቸው ገበያ ወጡ። በየቀኑ በራሳቸው የቡና ቢላ ነው የሚከፍሉት።»

«ቤተሰቡ ይህን አያውቅም።»

«ይንገሯቸው ብያቸው ነበር። ‹ስነግራቸው የዚያን ልጅ ወሬ ተው ይሉኛል። በቤቴ ሁሉም ስለ እኔ ያወራል እንጂ እኔን የሚያወራኝ የለም። ዝም ብዬ እውጣለሁ› አሉኝ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀስ ምን ይባላል? አለች ጥሩአየሁ በልቧ።

«ክኒኑ ሲበዛ ምን ያመጣል?»

«ያስመልሳል። የልብ ምትን ያዘገያል፣ ያዛባል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይታየዋል።»

ጥሩአየሁ ቀና አለች። «ግማሽ ብቻ የሚወስድ ሰው ቢጫ ያያል?»

«እንደዚያ ተቀንሶላቸው? አይመስለኝም። ቆይ፣ ጋሼ ቢጫ አይተዋል?» ነመራ ከወንበሩ ተነሳ። «ሁለቴ ልጠይቃቸው ሄጄ ዮፍታሄ ከበር መልሶኛል። ይህን ብሰማ ኖሮ አጥሩን እዘለው ነበር!»

«አጥሩን መዝለል የፈለገ ብዙ ነው» ብላ ልትቀጥል ስትል ሳሉ አቋረጣት። ነመራ እስክትጨርስ ጠበቃት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

«ሳሉ ደረቅ ስለሆነ ነው...»

«ልጄ፣ መጀመሪያ ራስህን አስፈታ!» አለችና ወጣች። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው የደም ግፊት ክኒን ግን መንገዱን ሙሉ ትዝ አላት። መቱ ያለው ያው ስንቱን ያዳነ ዶክተር ነው ያዘዘላት። ለምን ብላ ጠይቃው አታውቅም፤ ስንቱን ሌባ ስትጠይቅ የኖረች ሴት።

*

ከቀብሩ በፊት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። እትዬ ዘውደነሽ ፍራሹ ላይ፣ ዘህራ በሩ ጥግ፣ ገሊላ በእናቷ ጉያ፣ ነመራ በሁለት ፖሊሶች መሀል። ዮፍታሄ ነመራን ሲያይ ዘሎ ሊያንቀው ነበር፤ ፖሊሶቹ ያዙት። ውጭ ድንኳኑ ላይ ዝናቡ ይንጣጣል፤ ከድንኳኑ ሥር የተኮለኮሉት ሰዎች «አውጡልን» ማለት ጀምረዋል።

«ከደሙ ናሙና ወስደናል» አለች ጥሩአየሁ። «ግን ውጤቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይህ ሕዝብ አይጠብቅም። ስለዚህ ዓይናችን ያየውን እንነጋገር። ዮፍታሄ፣ አባትህ መድኃኒት ጥሎ ሞተ ትላለህ። መድኃኒት የጣለ ሰው በየቀኑ ክኒን አይከፍልም። ይህች በእጃቸው ተገኝታለች፤ በቡና ቢላቸው ነው የተቆረጠችው።»

«ምን? አባዬ ይወስድ ነበር?»

«ግማሽ፤ በሐኪም ትእዛዝ። የጅማዋ ሐኪም ነገ በስልክ ትነግርሃለች። ግን ግማሽ የሚወስድ ሰው ግድግዳው ቢጫ አይሆንበትም። አንተ እብደት ያልከው ቢጫ የመድኃኒቱ መብዛት ምልክት ነው። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው። እሳቸው ሳያውቁ ማን ጨመረላቸው? በምን?»

ጥሩአየሁ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«የሚቀምሱት ብርዙን ብቻ ነበር። ብርዙ ይመራል ሲሉ በእቢቻ ማር ተሳበበ። በዚህ ቤት የእቢቻ ማር የለም፤ ያለው ነጭ ማር ነው፣ ቀምሼዋለሁ። ዘህራም ሌላ አልሸጠችም። ታዲያ የመረራቸው ምንድን ነው?»

ዮፍታሄ ወደ ዘህራ ዞረ፤ ዘህራ ራሷን ነቀነቀች።

በዚህ ጊዜ ጥሩአየሁ የቀንድ ዋንጫውን ከጠረጴዛው አነሳች። «ይህ ከጋሼ የተረፈው ነው» አለች። «ትራፊያቸው የማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ገሊላ፣ ነይ እናቴ፣ የአያትሽን ምርቃት ጠጪ።»

ልጅቷ ከእናቷ ጉያ ወጥታ ዋንጫውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ከንፈሯ ጋ ሳይደርስ እትዬ ዘውደነሽ ከፍራሹ ተወርውረው ዋንጫውን በጥፊ መቱት። ብርዙ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ለልጅ አይሆንም! ለልጅ አይሆንም እኮ!»

ዋንጫው ተንከባሎ ግድግዳው ሥር ቆመ።

«ዘህራ አሁን የበጠበጠችው ንጹሕ ማርና ውሃ ነው፣ እትዬ» አለች ጥሩአየሁ ዝግ ብላ። ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር ፊቷን አዞረች፤ በሠራችው አልኮራችም። «የጋሼው በጠርሙስ ታሽጎ እኔ ጋ ነው። ምን ነበር የጨመሩበት?»

«መድኃኒቱን ነዋ!» እትዬ ዘውደነሽ እጃቸውን ዘረጉ፤ የሚያሳፍር ነገር እንደሌለበት ሰው። «የራሱን መድኃኒት! እምቢ ሲል ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ሲሞት ልየው? ለዶክተሩ ደወልኩ። ‹በሚወደው ነገር አሟሙተሽ ስጪው፤ እንዳያውቅ› አለኝ። ፈጭቼ ብርዝ ውስጥ አደረግኩለት። ሲብስበት እንደገና ደወልኩ። ‹በሽታው ነው፣ አንድ ጨምሪለት› አለኝ። ጨመርኩ። ሐኪም ካለ እኔ ማነኝ? ዘግይቼ ባልጀምር ኖሮ እኮ ይድን ነበር!»

ነመራ ዓይኑን ጨፈነ። እትዬ ዘውደነሽ የእሱን ፊት አዩ፤ ከዚያ የጥሩአየሁን፤ ከዚያ ደግሞ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው ታየ። በሮች በየተራ ሲዘጉ የሚሰማ ይመስል ነበር።

«የከፋው በጨመርኩ ቁጥር ነው» አሉ በሹክሹክታ። «በጨመርኩ ቁጥር...»

«እማዬ» አለ ዮፍታሄ።

«ጋሼ ከእኔ ቀድመው ደርሰውበታል» አለች ጥሩአየሁ። «ሥራቸውን ነው የሠሩት። ሁለት ነገር ጎን ለጎን አድርገው ቀመሱ። ብርዙን በማንኪያቸው፤ ማንኪያው እስካሁን ያጣብቃል። ክኒኑን በምላሳቸው፤ አንድ ፊቱ ሟሙቷል። ምሬቱ አንድ ሆነባቸው። ግማሿን ያልዋጧት ለዚህ ነው፤ የያዟት ለማስረጃ ነው። ለማን ያሳዩ? በሩ ተቆልፏል፣ ስልኩ የለም፣ የሚያምናቸው የለም። ምላሳቸው አልታመመም ነበር፤ የታመመው የእናንተ ጆሮ ነው።»

ዮፍታሄ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። የበሩን ቁልፍ አውጥቶ ትንሽ አየው፤ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። በመጨረሻ ወደ ድንኳኑ ወጣ። ሰዎቹ «አውጡልን!» ሲሉ «ልጁን ተዉት» ሲላቸው ተሰማ። «እኛ ነን። ልጁን ተዉት፤ እኛው ነን።»

*

እትዬ ዘውደነሽ ባላቸውን ቀብረው በማግስቱ መቱ ቀርበው ቃላቸውን እንዲሰጡ ጥሩአየሁ ተስማማች። ሕጉ ምን እንደሚላቸው አላወቀችም፤ ከሕጉ የባሰ ፍርድ ግን ቤታቸው ገብቶ ተቀምጧል።

ብረት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ውጭ ነመራ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ መነጽሩን ይጠርጋል። ጥሩአየሁ ቦርሳዋን ከፍታ የክኒኗን ማሸጊያ ሰጠችው።

«ቅድም የጠየቅከኝን አሁን ጠይቀኝ።»

ስሙን አነበበ። «ይህ አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ግን በራስዎ እንዳያቋርጡት፤ ግፊቱ አደገኛ ነው። ላዘዘልዎት ሐኪም ይንገሩት፣ ሌላ ይቀይርልዎታል። ካልሰማዎት ሌላ ሐኪም ይጠይቁ።»

«ያዘዘልኝ እሱ ነው» አለች። ነመራ ማን እንደሆነ አልጠየቀም።

መኪናው ውስጥ ገብታ ስልኳን አወጣች። ኔትወርኩ በጉሙ ውስጥ ይመጣል ይሄዳል። ለዶክተሩ በቴሌግራም ጻፈችለት፦

«ዶክተር፣ ኢንስፔክተር ጥሩአየሁ ነኝ። የጎሬው ጋሼ ደርበው ሞተዋል። ለባለቤታቸው መድኃኒቱን ሳያውቁ በብርዝ እንዲሰጧቸው፣ ሲብስባቸውም እንዲጨምሩ በስልክ ነግረዋቸዋል? ከመንገርዎ በፊት ጋሼን ራሳቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አነጋግረዋል? ለዚህ በሕግ እጠራዎታለሁ። ሌላው የራሴ ጥያቄ ነው። ለእኔ ያዘዙልኝ ክኒን ሳል ያመጣል ወይ? ለምን አልነገሩኝም?»

ላከችው። መጀመሪያ አንድ ምልክት ታየ፤ መኪናው ኮረብታውን ሲወርድ ሁለተኛው ተጨመረ። አንብቦታል። ሾፌሩ ወደ መቱ ሲያቀና ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ ጉሙ መስኮቶቹን በሁለቱም በኩል ዘግቷቸዋል። አሳላት። መቱ ሲደርሱም፣ መጥሪያው ሲጻፍም፣ ከዚያም በኋላ፣ ከሁለቱ ምልክቶች ሥር ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ።